አምስት ሺህ ያለው ማነው?

የዛሬው ወግ ስለ ሞተር ዘይት ነው። ጣቢያ ሊቀይር እጁን የሰደደ ካለ ትንሽ ይታገሠኝ፤ መኪና የሌለውም ቢሆን የሚሳፈርበት ታክሲ ዘይት ይጠጣልና ነገሩ አይቀርለትም። ላነሣው የፈለግሁት ሙያ ዘይት መቼ መቀየር እንዳለበት መወሰን ነው። ሲሉት ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔ ግን መሪ ከመያዝ የማይተናነስ ሙያ ነው ባይ ነኝ። መንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ ሙያው አለኝ ይላል፤ ሲጠየቅ ግን አውጥቶ የሚያሳየው ጋራዥ የጻፈለትን ካርድ ነው።

ካርዷን ታውቋታላችሁ። ዘይቱ ተቀይሮ ኮፈኑ ሊዘጋ ሲል ልጁ በዘይት በወዛ ጣቱ ሁለት ቁጥር ይጽፍባታል፤ የዛሬው ኪሎ ሜትርና የሚቀጥለው። ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ 5,000 ነው። ከሜክሲኮ መገናኛ ሲመላለስ ለሚውለው ሚኒባስ 5,000። እሑድ ለቅዳሴ ብቻ ለምትወጣው ኮሮላም 5,000። በየሳምንቱ ሐዋሳ ደርሶ ለሚመለሰው የነጋዴ መኪናም ያው 5,000። ይህን ልክ ማን አወጣው ብላችሁ ብትጠይቁ “ድሮም እንዲህ ነው” የሚል እንጂ ምክንያቱን የሚነግራችሁ ጥቂት ነው።

አሜሪካኖችም ለብዙ ዘመን የራሳቸው ካርድ ነበራቸው። 3,000 ማይል ይላል፤ በእኛ 4,800 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሞተሩም ዘይቱም ከዛሬው በጥራት ባነሰበት ጊዜ የተለመደ ልክ ነው። ኋላ ሞተሩ ተሻሻለ፣ ዘይቱም ተሻሻለ፣ ካርዱ ግን እዚያው ቀረ። ቶሎ ቶሎ በተቀየረ ቁጥር የሚደሰት ነጋዴ መቼም አይጠፋም። የካሊፎርኒያ ግዛት መንግሥት ሳይቀር፣ ሕዝቡ 3,000ውን ትቶ የመኪናውን መመሪያ እንዲያይ እስከ መቀስቀስ ደርሷል። ቶዮታ ዛሬ እዚያ ለሚሸጣቸው ብዙ መኪኖች፣ ቀጭኑን ሲንቴቲክ ዘይት እስከተጠቀሙ ድረስ፣ 10,000 ማይል ወይም አንድ ዓመት ይፈቅዳል። 16,000 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ክረምት ላይ ለዕረፍት የሚመጡ ዘመዶቻችን የእኛን 5,000 ሲሰሙ ፈገግ የሚሉት ለዚህ ነው።

ፈገግታቸው ልክ ነው አይደለም ከማለቴ በፊት አንድ ሙከራ ላውራችሁ። ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የሚባለው የአሜሪካ የሸማቾች መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ 75 ታክሲዎች ላይ የታደሰ ሞተር አስገጥሞ፣ የተለያየ ዘይት ሰጥቶ፣ እያንዳንዱን 60,000 ማይል አስነዳ። ከዚያ ሞተሮቹን አስፈትቶ የተበላውን አስለካ። በ3,000 ማይል በተቀየረላቸውና በ6,000 በተቀየረላቸው መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

ይህን ሰምቶ “ለካ ገንዘቤን በከንቱ ሲያስወጡኝ ኖረዋል” የሚል አይጠፋም። ቆይ! የኒው ዮርክ ታክሲ ሞተሩ አይበርድም። አንዱ ሾፌር ሲወርድ ሌላው ይረከባል፤ ሌትም ቀንም መንገድ ላይ ነው። መጽሔቱም ይህን አልደበቀም። ውጤቱ የሚናገረው ሞቆ ስለሚውል ሞተር ነው። ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት አድርሳ እስከ ማታ ስለምትቆም ቪትዝ የሚለው ነገር የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ነውና። ዘይት ብረት ከብረት እንዳይፋተግ ማድረጉን ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ በላይ ግን ሞተሩን ያቀዘቅዛል፣ ጥላሸቱን በውስጡ በትኖ ይይዛል፣ ነዳጅ ሲቃጠል የሚፈጠረውን አሲድም ያመክናል። ይህን ሁሉ የሚሠሩለት ፋብሪካው የጨመረባቸው ቅመሞች ናቸው፤ ከዘይቱ ቀድመው የሚያልቁትም እነሱ ናቸው። ታዲያ ሞተር በብርድ ሲነሣ ቤንዚኑ ሙሉ በሙሉ አይቃጠልም፤ የተወሰነው በፒስተኑ ጎን ወርዶ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ከቃጠሎው የሚወጣው እንፋሎትም ቀዝቃዛው ብረት ላይ ውሃ ይሆናል። መኪናው ረዘም ያለ መንገድ ሄዶ ዘይቱ በደንብ ቢግል ሁለቱም ተንነው ይወጡ ነበር። በአሥር ደቂቃ ካጠፋችሁት ግን እዚያው ያድራሉ፤ በማግስቱም ሌላ ይጨመርባቸዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ማለዳ ከ10 ዲግሪ በታች እንደሚወርድ አትርሱ። የዘይት መሙያውን ክዳን ስትከፍቱ ከሥሩ ነጣ ያለ አረፋ ካያችሁ ይኸው ውሃ ነው። አረፋው መለኪያው ዘንግ ላይ ከወጣ ግን ምናልባት የቴስታው ጓርኒሲዮን ተበልቶ ይሆናልና ለነገ አታሳድሩት።

እንግዲህ እሑድ ብቻ የምትወጣው ኮሮላ 5,000ውን ለመሙላት ሁለትና ሦስት ዓመት ይፈጅባታል። ባለቤቷ “እኔ እኮ ብዙም አልነዳት” እያለ ይኮራል። ከሁሉም መኪና ይልቅ ዘይቱ የተጎዳው የእሱ ነው።

ሚኒባሱስ? እሱ ላይ ደግሞ ኪሎ ሜትሩ በሌላ መንገድ ያታልላል። ዳሽቦርዱ የሚቆጥረው ጎማው የዞረውን ነው፤ ሞተሩ የዞረውን አይቆጥርም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ 5,000 የሞላ መኪና ሞተሩ 100 ሰዓት ሠርቷል። በከተማው መጨናነቅ በሰዓት 15 እያዘገመ 5,000 የሞላው ግን ከ330 ሰዓት በላይ ሠርቷል። ካርዱ ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው! ፎርድ ለሥራ መኪኖቹ ባወጣው ስሌት፣ ሞተር ተነሥቶ የቆመ መኪና በየሰዓቱ 33 ማይል እንደተነዳ ይቆጠራል፤ 53 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። አለቃውን ከስብሰባ ሲጠብቅ ሞተር ሳያጠፋ ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሾፌር፣ አንተም እየሰማኸኝ ከሆነ፣ ይህችን ያዝልኝ። ጄኔራል ሞተርስ ደግሞ መኪኖቹ ላይ የዘይቱን ዕድሜ በመቶኛ የሚያሳይ ኮምፒዩተር ገጥሟል። ኮምፒዩተሩ ዘይቱን አይቀምሰውም፤ ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደዞረና ምን ያህል እንደሞቀ እየቆጠረ ያሰላል እንጂ።

በዚህ ላይ የአገራችን መልክዓ ምድር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳበት ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ሽሮ ሜዳን ሲወጣ ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን ያስጮኸዋል። የዓባይን በረሃ ጭኖ የሚወጣውን መኪናማ ተዉት። አቧራውም አለ፤ የአየር ፊልትሮው ካረጀ ብናኙ ከዘይቱ ጋር ተደባልቆ ብረቱን ይሞርደዋል። የአምራቾች መመሪያ እኮ ለዚህም መልስ አለው። አብዛኛው መመሪያ ሁለት ልክ ይሰጣል፤ አንዱ ለመደበኛ አነዳድ፣ ሁለተኛው ለከባድ። አጭር ጉዞ፣ መጨናነቅ፣ አቧራ፣ ዳገት፣ ጭነት ሁሉም ከባዱ ውስጥ ናቸው፤ ልኩም ብዙ ጊዜ የመደበኛው ግማሽ ነው። ብዙው ሰው ግን የመጀመሪያውን አይቶ መጽሐፉን ይዘጋል። የእኛ መኪና ደግሞ ብዙው ከጃፓን በዱባይ ዞሮ የመጣ ስለሆነ መጽሐፉ ወይ የለም፣ ወይ በጃፓንኛ ነው።

ስለዚህ ዘመዶቻችን በሰፊው ጎዳና በሰዓት 100 እየነዱ 16,000 ይሄዳል ሲሉ ልክ ነው፤ ወደዚህ ይዘውት ሲመጡ ግን አይሠራም። የእኛ 5,000ም ለአንዱ ሲበዛ ለሌላው ያንሳል።

ሙያው ያላቸው ሰዎች እንዴት እንደሚያደርጉ ልንገራችሁ። በኤንትሬ የጭነት መኪና የአሰብን መንገድ ሲመላለሱ የኖሩ አንድ አዛውንት ሾፌር አውቃለሁ። ጋሼ የመኪናቸውን ዘይት ማለዳ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ሜዳ ላይ ያዩታል። ዘንጉን ይስቡና መጀመሪያ መጠኑን፣ ቀጥሎ ሽታውን፤ ቤንዚን ቤንዚን ካለ ፊታቸው ይቀየራል። ከዚያ አንዲት ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ያሳርፋሉ። ጠብታዋ ተስፋፍታ ጠርዟ እየሳሳ ከሄደ ዘይቱ ገና ጥላሸቱን በትኖ መያዝ ይችላል። ጥቁሩ መሐል ላይ ተከማችቶ በዙሪያው ጥርት ያለ ክብ ከሠራ ደክሞታል። ይህ የወረቀት ፍተሻ የጋሼ ፈጠራ አይደለም፤ የታወቀ ዘዴ ነው። ለናፍጣ ሞተር በጣም ይረዳል፤ አሲዱን ግን አያሳይም። “ጠቁሯል፣ ይቀየር” የሚላቸውን ሰው አይሰሙትም፤ ደግም ያደርጋሉ። የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ በጥቂት ቀን ይጠቁራል፤ የጠቆረው ጥላሸቱን ስለያዘ ነው፣ ያ ደግሞ ሥራው ነው።

በእኔ ግምት እዚህ አገር ካረጀ ዘይት ይልቅ ያነሰ ዘይት ብዙ ሞተር አስወርዷል። በዘንጉ ላይ ባሉት ሁለት ምልክቶች መካከል ያለው በብዙ መኪኖች አንድ ሊትር ገደማ ነው። ያረጀ ሞተር ያንን በአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ሊበላው ይችላል፤ ባለቤቱ ግን “ካርዱ ገና ነው” ብሎ ይነዳል። ከላይኛው ምልክት ማሳለፍም ደግ አይደለም፤ ዘይቱ ተመትቶ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ኩሽኔታ አይጠብቅም።

ቁጥር ስጠን ካላችሁኝ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ከተማ ውስጥ የሚውል ሚኒባስ በተራ ዘይት 5,000 ይበቃዋል፤ በሲንቴቲክ ትንሽ ቢያስረዝምም 10,000 ማለት ድፍረት ነው። አጭር አጭር መንገድ የምትሄደው የቤት መኪና ኪሎ ሜትሯን ትታችሁ በየስድስት ወሩ ቀይሩላት። ብዙውን ጊዜ አገር አቋራጭ የሚሄድ ጤነኛ ሞተር፣ ትክክለኛው ሲንቴቲክ ከተሞላለት 10,000 ቢሄድ አልከራከርም። ተርቦ ያለው ሞተር ግን ዘይቱን ክፉኛ ስለሚያግል ከዚያ ይቀነስለት።

ውፍረቱንም እንዲሁ በጭፍን አትምረጡ። “ወፍራም ዘይት ሞተር ይጠብቃል” የሚባለው በተበላ አሮጌ ሞተር ላይ እውነትነት አለው። ለቀጭኑ 0ደብሊው-20 ዘይት በተሠራች ቪትዝ ውስጥ ወፍራሙን 20ደብሊው-50 መጨመር ግን በማለዳ ብርድ ዘይቱ ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ብረቱን ማስራብ ነው። አዲስ ዘይት ሞልቶ አሮጌውን ፊልትሮ መተውም ገላን ታጥቦ የቆሸሸ ልብስ መልበስ ነው፤ ለዚያ ቁጠባ ቃል አላባክንም። ዘይቱ ታሽጎ የመጣ ይሁን፣ ፊታችሁ ይከፈት። ባዶውን ጀሪካን አስበስታችሁ ሂዱ፤ ነገ የተጣራ አሮጌ ዘይት ተሞልቶበት ለሌላው ሰው እንዳይሸጥ።

የወጣው አሮጌ ዘይትስ? ለአጥር እንጨት ምስጥ እንዳይበላው የሚቀቡት አሉ። በባዶ እጅ አትንኩት፤ ቆዳ ላይ ሲደጋገም ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ነገር አለበት። ቱቦ ውስጥ የሚደፋ ጋራዥ ካያችሁ ደግሞ አንድ ቃል ተናገሩ፤ ቱቦው መጨረሻው አቃቂ ወንዝ ነው፣ በዚያ ውሃ አትክልት ይለማል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በዝተዋል። የእነሱ ባለቤቶች ይህን ሁሉ ወግ እየሳቁ እንደሰሙኝ እገምታለሁ። ኮፈኑን ቢከፍቱ የሞተር ዘይት መለኪያ የለም፤ እውነት ነው። ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ማርሽ ግን ዘይት አለው፤ የፍሬን ዘይቱም ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ያረጃል። የፍሬን ዘይት ነገር ራሱን የቻለ ወግ ስለሆነ በሌላ ቀን እመለስበታለሁ።