የጠጕር ሥራ ሙያ በማኅበራዊ መገናኛ ዘመን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የመረጥሁት አርእስት ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል፣ ምናልባትም ለእንዲህ ያለ በዓል የማይገባ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንድታደምጡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በዚህ ዓመት አንድ መምህራችን «ትምህርታችሁን ስትጨርሱ ምን ለመሆን ታስባላችሁ?» ብለው በየተራ ጠየቁን። አንዱ ሐኪም፣ አንዱ መሐንዲስ፣ ሌላው የኮምፒዩተር ባለሙያ እሆናለሁ አለ። ተራው ሲደርሰኝ «ጠጕር ሠሪ እሆናለሁ» ብዬ መለስሁ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። መምህሩ ግን አልሣቁም፤ «ለምን?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። በዚያን ቀን በቂ መልስ አልነበረኝምና ዝም አልሁ። የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

የጠጕር ሥራ ለአገራችን እንግዳ ሙያ አይደለም። በ1847 ዓ.ም. ነግሠው በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ያረፉትን ዐፄ ቴዎድሮስን በሥዕል ስናያቸው ጠጕራቸው ሹሩባ ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም እንዲሁ ናቸው። በአባቶቻችን ዘመን የሰው ዕድሜና ማዕርግ ከጠጕሩ አሠራር ይታወቅ ነበር፤ ወንዱ ሕፃን ቁንጮ፣ ልጃገረዲቱ ጋሜ ወይም ሳዱላ፣ ባለ ትዳሯ ሹሩባ፣ ጀግናው ጎፈሬ ነበረው። ይህን ሁሉ የምትሠራው ባለሙያ ግን በደጇ ላይ ሰሌዳ አልሰቀለችም። ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ልጅቱን በጕልበቶቿ መካከል አድርጋ፣ ጠጕሯን በሚዶ እየከፈለች ስትሠራ ትውላለች፤ ዝናዋንም ከቤት ወደ ቤት የሚያደርሰው የጎረቤት አፍ ነበር።

ይሁን እንጂ የእጅ ሥራን መናቅ በመካከላችን የቈየ ደዌ ነው። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛ እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ አስነግረዋል። ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ንቀቱ ግን ከክፍላችን ገና እንዳልወጣ በዚያን ዕለት ሳቅ ዐወቅሁ። ደግሞም በዚህ ትምህርት ቤት ቅዱስ መጽሐፍ የተማርን ሁሉ፣ ሐዋርያው ሴቶችን ጌጣችሁ የጠጕር ሥራ አይሁን ብሎ እንደ መከረ እናውቃለን። እኔ እንደሚመስለኝ ምክሩ የሰውን ክብር በጠጕሩ አንለካ ማለት ነው እንጂ፣ በላብዋ እንጀራዋን የምታገኘውን ሴት የሚነቅፍ አይደለም።

በሌላው ዓለምም ይህ ሙያ ብዙ ድኾችን ከፍ አድርጓል። ማዳም ሲ ጄ ዎከር የተባለችው ጥቁር አሜሪካዊት በ1867 እ.ኤ.አ. በሉዊዚያና ተወለደች፤ በ7 ዓመቷ ወላጆቿን አጣች፤ ለብዙ ዓመታትም ልብስ አጣቢ ነበረች። የራሷ ጠጕር መርገፍ ቢያሳስባት የጠጕር ቅባት መሥራትና ከቤት ወደ ቤት እየዞረች መሸጥ ጀመረች፤ በ1910 ፋብሪካዋን በኢንዲያናፖሊስ አቋቋመች፤ ብዙ ሴቶችንም አሠልጥና የሥራ ባለቤት አደረገች። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ቪዳል ሳሱን በ1928 ለንደን ውስጥ ከድኻ ቤተ ሰብ ተወልዶ፣ የልጅነቱን ብዙ ዓመታት ወላጅ አልባ ልጆች በሚያድጉበት ቤት አሳለፈ። በ14 ዓመቱ እናቱ ሳይወድ ወደ ጠጕር ቤት ወስደው ለባለሙያ ሰጡት፤ ሥራውን የጀመረው የሰው ጠጕር በማጠብ ነው። የራሱን ሳሎን በ1954 ሲከፍት ከዚያ ቀን አንሥቶ 12 ዓመት ያህል አልፎ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ሲጀምሩ ፌስቡክም ቲክቶክም አልነበረም።

ዛሬ ግን ዘመኑ ተለውጧል። ፌስቡክ በ2004፣ ዩቲዩብ በ2005፣ ኢንስታግራም በ2010፣ ቴሌግራም በ2013 እ.ኤ.አ. ተከፈቱ፤ ቲክቶክ ከእነዚህ በኋላ መጣ። ከዚህ የተነሣ ሙያውን ለምትጀምር ልጅ የተከፈተላት በር ሰፊ ነው። በአንዲት ትንሽ ከተማ የምትኖር ልጅ በሌጎስና በፓሪስ ያሉ ባለሙያዎች እንዴት እንደሚሠሩ በእጇ ባለው ስልክ ታያለች። ዋና መንገድ ዳር ቤት ለመከራየት ዐቅም የሌላት፣ በጓዳዋ የሠራችውን ሹሩባ ፎቶግራፍ አንሥታ ለከተማው ሁሉ ታሳያለች። ደንበኛዋም በቴሌግራም ቀጠሮ ትይዛለች፤ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ቀብዱን በስልኳ ትልካለች። ይህን በጎነት የሚክድ ሰው ቢኖር ሐሰተኛ ነው።

ነገር ግን ስልኩ የማያሳየን ነገር አለ። ስድስት ሰዓት የፈጀ ሥራ በአንድ ደቂቃ ተጨምቆ ይቀርባል። ያመመው ወገብ፣ የቈሰለው ጣት፣ ተበላሽቶ እንደ ገና የተፈታው ጕንጕን አይታይም። ደንበኛይቱ የሌላ ሰው ጠጕር፣ ያውም በመብራትና በማሳመሪያ የተለወጠ ሥዕል ይዛ መጥታ «እንደዚህ አድርጊልኝ» ትላለች፤ የራሷ ጠጕር ስስ ይሁን ወፍራም፣ የደረቀ ይሁን የተጎዳ አታስበውም። ጀማሪዋም ደንበኛ እንዳያመልጣት ስትል «እሺ» ትላለች። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ጥፋት ከሌላ ሰው አልጠቅስም፤ ከራሴ እናገራለሁ።

ባለፈው ዓመት ለገና በዓል የአክስቴን ልጅ ጠጕር ላለሰልስ ተነሣሁ። ልጅቱ የ10 ዓመት ሕፃን ናት። ሪላክሰር ከሱቅ ገዛሁ፤ አሠራሩንም ከሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ተማርሁ። ቪዲዮው ግን መድኃኒቱ ራስ ላይ የሚቈይበትን ጊዜ ቈርጦ ጥሎታል። በዕቃው ላይ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ አላነበብሁም፤ ልጅቱ ከዚያ በፊት ራሷን አክካ እንደ ነበረም አልጠየቅሁም። «ያቃጥለኛል» ስትለኝ «ትንሽ ቻይ፤ ቆንጆ ትሆኛለሽ» አልኋት። ሁለተኛ ጊዜ ስታለቅስ አጠብሁላት። ነገር ግን ዘግይቼ ነበር፤ የራስ ቅሏ ቆዳ ቈስሎ፣ ከጆሮዋ በላይ ያለው ጠጕር በእጄ ላይ ቀረ። በክሊኒክ ያከመቻት ነርስ አልተቈጣችኝም፤ «ይህን ማን አስተማረሽ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ስልኬ ነው ለማለት አፈርሁ። ልጅቱ በጥምቀት ዕለት ጓደኞቿ በአዲስ ሹሩባ ሲወጡ፣ እርሷ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርሁት። አንዳንዱ ሪላክሰር በኬሚስትሪ ክፍላችን በጓንት የምንይዘው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያለበት ነው። ጠጕር ለማለስለስ ከሚሸጡት ውሁዶች አንዳንዶቹ የሚያወጡትን ፎርማልዴሃይድ፣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2004 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ጋር መድቦታል። በ2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች 33,497 ሴቶችን ወደ 11 ዓመት ያህል ተከታትለው ያገኙትን አሳተሙ፤ በዓመት ከ4 ጊዜ በላይ ማለስለሻ የተጠቀሙት በማሕፀን ካንሰር የመያዛቸው መጠን ከማይጠቀሙት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ ዝምድናውን አሳየ እንጂ ምክንያቱን ቈርጦ አልተናገረም፤ ቢሆንም ለጥንቃቄ ይበቃል። ሹሩባም ቢሆን እጅግ ከጠበቀና ከተደጋገመ የግንባርን ጠጕር ከሥሩ ያነቅላል። ያልተጸዳ ማበጠሪያና መላጫም ጭርትን ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ያስተላልፋል። እንግዲህ ጠጕር ሠሪ የምትነካው የሰውን ጤና ነው፤ ይህን በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ መማር አይቻልም።

ሁለተኛው የምፈራው ነገር የሰውን ገመና ማውጣት ነው። አንዲት ሴት ጠጕሯን ፈትታ ስትቀመጥ የማታሳየውን አሳይታ፣ የማትናገረውን ተናግራ ነው። ያለ ፈቃድዋ ፊቷን ለሺሕ ሰው ማሳየት አደራ መብላት ነው። ሦስተኛውም፣ የወደዱንን ሰዎች ቍጥር እንደ ሙያ ማስረጃ መቍጠር ነው። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ድረስ በአገራችን ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተዘግተው እንደ ነበር ሁላችን እናስታውሳለን። ገበያዋን ሁሉ በዚያ ላይ የመሠረተች ሴት በአንድ ቀን ሱቋ ተዘጋባት፤ በሰፈሯ የምትታወቀው ግን ለፋሲካ ከሥራዋ ብዛት የተነሣ ምሳዋን የምትበላበት ጊዜ አጣች።

ስለዚህ ሙያውን ለመጀመር ለምታስቡ እኅቶቼና ወንድሞቼ ጥቂት ምክር ላቅርብ። አስቀድማችሁ ባለሙያ ዘንድ ግቡ፤ መጥረግና ማጠብን፣ ፎጣ መዘርጋትንና ቢጎዲን መጠቅለልን አትናቁ። በቴክኒክና ሙያ ተቋም ገብቶ መሠልጠንና የብቃት ምዘና መፈተን ስለሚቻል በዚያ እለፉ። ማበጠሪያችሁን ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ አጽዱ። ቀለም ከመቀባታችሁ ከሁለት ቀን በፊት በደንበኛዋ ቆዳ ላይ ጥቂት ሞክሩ። ዋጋውን ከሥራ በፊት ተናገሩ። ከተሠራችው ሴት ሳትፈቅድላችሁ ሥዕል አታውጡ፤ የምታወጡትም በእጃችሁ የሠራችሁት ይሁን። ከሁሉ በላይ «ይህ ለጠጕርሽ አይሆንም» ብሎ ደንበኛ መመለስን ተማሩ፤ የተመለሰችው ሴት ነገ እኅቷን ይዛ ትመጣለች።

ለወላጆችም አንድ ነገር ልናገር፤ በዚህም እዘጋለሁ። በየዓመቱ በምንሞላው የምዝገባ ቅጽ ላይ «የእናት ሥራ» የሚል ቦታ አለ። እናቴ ሹሩባ ሠሪ ናት። የትምህርት ቤት ክፍያዬን፣ ደብተሬን፣ አሁን የለበስሁትን ዩኒፎርም የከፈለችው በጣቶቿ ነው። እኔ ግን ከ9ኛ ክፍል ጀምሬ በዚያ ቦታ «የቤት እመቤት» እያልሁ ስጽፍ ኖርሁ። ይህን እርሷ አታውቅም፤ የምትሰማው ዛሬ በዚህ አዳራሽ ተቀምጣ ነው። ይቅር እንድትለኝ በሁላችሁ ፊት እለምናታለሁ።

ቪዳል ሳሱንን ወደ ሙያው የወሰዱት እናቱ ናቸው ብያለሁ። በእኛ ቤት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እናቴ «እኔ እጄን የፈጀሁት አንቺ ብዕር እንድትይዢ ነው» ትለኛለች፤ እስከ ዛሬም አልፈቀደችልኝም። እኔም የመልቀቂያ ፈተናዬን በሚገባ እንድፈተን ቃል ገብቼላታለሁ፤ ብዕሩን አልጥልም። ነገር ግን ብዕሩና ሚዶው በአንድ እጅ ሊያዙ እንደሚችሉ አምናለሁ። ኬሚስትሪ ያልተማረ እጅ ምን እንደሚያደርስ በአክስቴ ልጅ ራስ ላይ አይቻለሁና።

ጠጕር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። እኔ ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ቀድሜ፣ ያችን ልጅ በየወሩ እየሄድሁ በማየት ነው። በዘንድሮው ፋሲካ ዋዜማ ልጅቱ ራሷ ወደ ቤታችን መጥታ፣ ዱካውን አቅርባ፣ በእናቴ ፊት በጕልበቶቼ መካከል ተቀመጠች። ምንም መድኃኒት አልነካሁም፤ ቅቤ ቀብቼ ሹሩባ ሠራኋት። «ያምሻል?» ብዬ እየደጋገምሁ ጠየቅኋት። እናቴ ከኋላ ሆና ስታይ ቈይታ፣ አንዱን ጕንጕን «ይህ ጠብቋል፤ ፍችው» አለችኝ። ፈትቼ እንደ ገና ሠራሁት። ሥዕል ግን አላነሣሁም።

መምህሬ ሆይ፣ መልሴ ይህ ነው።