የመጀመሪያው አርባ ዶላር

ዛሬ የምናስታውሳቸው ሰው የኢንሹራንስ ድርጅት መሪ ነበሩ። የኢንሹራንስን ብይን ለዑለሞቻችን ትተን ስለ ሰውየው አማና እንጫወት። ሙስሊም አልነበሩም፤ ሥራቸው ግን ለቤታችን እንግዳ አይደለም።

ቻርለስ ክሊንተን ስፖልዲንግ በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና እ.ኤ.አ በ1874 ብዙ ልጆች ካፈራ የጥቁር ገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። በ1894 ወደ ዱርሃም ከተማ መጡና ሰሃን እያጠቡ፣ እያስተናገዱ ተማሩ። በኋላም በሽርክና የተከፈተ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ይመሩ ጀመር። ሱቁ ሲከስር ሸሪኮቹ ጥለው ሄዱ፤ የ300 ዶላሩ ዕዳ በእሳቸው ጫንቃ ላይ ቀረ። አልሸሹም፤ ቀስ በቀስ ከፈሉት።

በዚያ ዘመን ድሃ ጥቁር ሲሞት ቤተሰቡ የመቅበሪያ ገንዘብ እየዞረ ይለምን ነበር። ብዙዎቹ የነጮች ኢንሹራንሶች ጥቁርን አይመዘግቡም፤ ቢመዘግቡም በውድ ነው። ስለዚህ በባርነት የተወለዱት ፀጉር አስተካካይ ጆን ሜሪክና የስፖልዲንግ አጎት ዶክተር አሮን ሙር ከሌሎች ጋር ሆነው በ1898 ኖርዝ ካሮላይና ሚዩቹዋልን መሠረቱ። ነገሩ እድራችንን ይመስላል፤ አባላቱ በየሳምንቱ ሳንቲም ያዋጣሉ።

ስፖልዲንግ ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተቀጠሩ። ሥራ አስኪያጅ ስንል ግን በጠዋት እጅጌያቸውን ሰብስበው ቢሮውን የሚጠርጉ፣ ከዚያ ቤት ለቤት እየዞሩ ደንበኛ የሚመዘግቡ፣ ሲመለሱ ደግሞ ኮት ለብሰው ወንበሩ ላይ የሚቀመጡ ማለታችን ነው!

ከዚያ አንድ አባል ሞተ። ለቤተሰቡ 40 ዶላር ይከፈላል፤ ካዝናው ግን አይበቃም። ሜሪክና ሙር ከኪሳቸው ሞሉት። ስፖልዲንግም የክፍያውን ደረሰኝ ይዘው በየቤቱ እየዞሩ አሳዩ። ድሃው ሕዝብ ቃል የሚሰጠው ብዙ ነበር፤ የሚከፍለው ግን ጥቂት ነበርና ያችን ቁራጭ ወረቀት አይቶ አመነ።

ከ1923 ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ ድርጅቱን በፕሬዚዳንትነት መሩ። ባለቤታቸው በ1919 አርፈው ልጆች ትተውላቸው ነበርና የአባትነቱም ሸክም ነበረባቸው። በ1935 ደግሞ ለጥቁሮች የመምረጥ መብት የሚታገለውን የዱርሃም ኮሚቴ በሊቀመንበርነት መሩ።

ያረፉት ሐምሌ ወር ላይ፣ እንደ ፈረንጆች ኦገስት 1 ቀን 1952፣ ልክ በ78ኛ የልደት ቀናቸው ነበር። ድርጅቱ ከመቶ ዓመት በላይ ከሠራ በኋላ በቅርብ ዓመታት ፈርሷል። በ1921 የተሠራው ሕንፃው ግን ፓሪሽ ጎዳና ላይ ዛሬም ቆሟል።