«ከበሉ በኋላ» እና «በልተው ከሆነ»፦ ስለ ሥራ ማስታወሻችን እንግሊዝኛ
(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ብዙዎቻችን እዚህ በዋሽንግተንና በአካባቢው በየሰው ቤት አረጋውያንን እንንከባከባለን። ተራችን ሲያልቅ ለምትተካን ሠራተኛ ማስታወሻ ጽፈን እንወጣለን። ዛሬ የምንናገረው ከእነዚህ ማስታወሻዎች ስለ አንዱ ነው።

አንዲት አባላችን «ከበሉ በኋላ ኪኒኑን ስጫቸው» ለማለት አስባ «ጊቭ ዘ ፒል አፍተር ሺ ኤይት» ብላ ጻፈች። ተተኪዋ «ኤይት» የሚለውን አይታ አሮጊቷ ምሳቸውን የበሉ መሰላት። ኪኒኑን በባዶ ሆዳቸው ሰጠቻቸው፤ ሆዳቸውን ሲያማቸው ዋለ። አባላችን ከዚያ ቤት ተነሣች፣ የዚያ ወር ገቢዋም ጎደለ። እርሷ ሥራዋን አልበደለችም፤ አማርኛውን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ወሰደችው እንጂ። ሁላችንም እንዲህ እንጽፋለን።

በአማርኛ «ከበሉ በኋላ ሰጠኋቸው» እንላለን፣ «ከበሉ በኋላ እሰጣቸዋለሁ»ም እንላለን። «ከበሉ» አይለወጥም፤ ያለፈ ይሁን የሚመጣ የሚነግረን መጨረሻ ላይ ያለው ግስ ነው። እንግሊዝኛ ግን «አፍተር» ብሎ በሚጀምረው ጥገኛ ሐረግ ውስጥ ጊዜውን ይለያል። በልተው ያለቀ ነገር ከሆነ «አፍተር ሺ ኤይት» ይላል። ገና የሚበሉ ከሆነ «አፍተር ሺ ሃዝ ኢትን» ይላል፤ ይህ ፕሬዘንት ፐርፌክት የሚባለው ነው። «አፍተር ሺ ኢትስ» ማለትም ትክክል ነው። «አፍተር ሺ ዊል ኢት» ግን አይባልም።

«ዌን» ላይ ደግሞ የበለጠ እንጠንቀቅ። «ዌን ሺ ኢትስ» ሲባል «ሲበሉ» ማለት ሊሆን ይችላል፤ «ዌን ሺ ሃዝ ኢትን» ግን «በልተው ሲጨርሱ» ነው። ከምግብ ጋር የሚወሰድ መድኃኒት አለ፣ ከምግብ በኋላ የሚወሰድም አለ። ስለዚህ ይህች «ሃዝ» ትንሽ ብትመስልም ብዙ ትሠራለች። «አንቲል»ም እንደዚሁ ነው፦ «ስቴይ አንቲል ሺ ሃዝ ስዋሎድ ኢት» ስንል «ውጠው እስኪጨርሱ አጠገባቸው ሁኚ» ማለታችን ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። «ከወደቁ ደውይልኝ» እና «ወድቀው ከሆነ ደውይልኝ» አንድ እንዳልሆኑ ማናችንም እናውቃለን። የመጀመሪያው ወደፊት ምናልባት ቢወድቁ ነው፤ «ኢፍ ሺ ፎልስ» እንለዋለን። ሁለተኛው ሳናይ ወድቀው ቢሆንስ የሚል ነው፤ «ኢፍ ሺ ሃዝ ፎለን» ይሆናል። «በልተው ከሆነ»፣ «ጠጥተው ከሆነ»፣ «ተኝተው ከሆነ» ማለት የምትችል ሴት የፕሬዘንት ፐርፌክትን ሐሳብ ከልጅነቷ ጀምሮ ይዛዋለች። የሚቀራት የእንግሊዝኛውን መልክ መልመድ ነው።

በክፍላችን የያዝነው ልማድ ቀላል ነው። ማስታወሻውን ከጻፍን በኋላ «ይህ ነገር ተፈጽሟል ወይስ ገና ነው?» ብለን ራሳችንን እንጠይቃለን። ገና ከሆነና ተጠናቆ ማለቁ የሚያስፈልግ ከሆነ «ሃቭ» ወይም «ሃዝ» እንጨምራለን። ጥርጣሬ ካለን ደግሞ «ሺ ሃዝ ኖት ኢትን የት»፣ ማለትም «ገና አልበሉም»፣ ብለን ለብቻው እንጽፋለን። ግልጽ መጻፍ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ደጋፊዎቻችን፣ የምትሰጡን ገንዘብ ለክፍሉ ኪራይና ለደብተር ይውላል። ፍሬውም እንዲህ ባለ አንድ መስመር ላይ ይታያል። እኅቶቻችን፣ ለሚመጣው ቅዳሜ እያንዳንዳችን ከጻፍነው ማስታወሻ አንድ መስመር፣ የሰዎቹን ስም ሳንጠቅስ፣ ገልብጠን እንምጣ። ያቺ አባላችንም የራሷን ይዛ ትመጣለች፤ ይህን ንግግር እንድናቀርብ የጠየቀችን እርሷ ናት።