ክላሹ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ነበር

የመተማ፣ የቋራ፣ የገንዳ ውኃ ልጆች!

ዲግሪ ይዤ ሥራ ያጣሁ ልጃችሁ ነኝ። ዛሬ የማወራው ስለ እገታ ነው። አጎቴን በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ከእርሻው ላይ ወሰዱት። በሬዎቹ ተሸጠው፣ ዘመድ አዋጥቶ ነው የተመለሰው። ክላሹስ? ድንኳኑ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ተረኛ ጠባቂ የለ፣ ጥይቱንም ሠርግ ላይ ጨርሰነዋል።

ወገኖቼ፣ መሣሪያ መያዝና ራስን መጠበቅ አንድ አይደለም። በ1881 ዓ.ም. እዚሁ መተማ ላይ ጦራችን ሊያሸንፍ ተቃርቦ ነበር፤ አፄ ዮሐንስ ሲመቱ ግን ተበተነ። የጎደለው ጀግና ሳይሆን ሥርዓት ነው።

ስለዚህ እንሠልጥን! ማን መሆኑን ሳትለይ ጣትህ ምላጭ አይንካ። ከኢላማህ ጀርባ ያለውንም እይ፤ ሳሉጉ እዚያ ተኝቶ ይሆናል። ሌሊቱን በተራ እንጠብቅ። መሣሪያችንም በአዋጅ 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ይኑረው።

ሕጉንም እንወቅ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ሕገወጥ ጥቃት ሲደርስብህ ወይም ሊደርስብህ ሲል፣ ሌላ መውጫ ከሌለህ፣ በተመጣጣኝ ኃይል ራስህንም ሌላውንም እንድትከላከል ይፈቅዳል። እጁን የሰጠውን መግደል ግን መከላከል አይደለም፣ በቀል ነው። በቀል ደግሞ ደም ያቃባናል።

አጋች ዘመድ የለውም። የእኛው ልጅ ሆኖ ከተገኘም አንሸሽገው፤ ለሕግ እንስጠው።

ለሠርግ የምትተኩሳት ጥይት ለአጎትህ ሌሊት ትቀመጥ።