የፈረስ ወዳድ ጠዋት



ፈረስ እወዳለሁ የሚል ብዙ ነው። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲጋልቡ አይቶ ልቡ የማይነሣ ማን አለ? እኔ ግን ይበልጥ የማከብረው ፀሐይ ሳትበረታ ባዝራውን የሚያጠጣውን ሰው ነው። ከልጅነቱ ፈረስ የወደደ ሰው ማርባት ሲጀምር፣ ፍቅሩ የየዕለት ሥራ ይሆናል። ባዝራ 11 ወር ያህል ታረግዛለች። ያን ሁሉ ወራት ሆታ የለም፤ ጭብጨባ የለም። ውሃ አለ። ድርቆሽ አለ። ጥላ አለ። ነገም እንዲሁ።

ጋሪ የምትነዱ ወንድሞቼ፣ እናንተም ዛሬ ከመጫናችሁ በፊት የፈረሳችሁን ጀርባ በእጃችሁ ዳብሱት። ቁስል ካለው፣ እባካችሁ ዛሬ ይረፍ።