«ተመችቶሻል!» — የልጅነት ሰውነትና የጎልማሳ ሴት ጤና
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው 15 ደቂቃ ሰጥቶኛል። በተመላላሽ ክፍል በዚህ ጊዜ ሦስት ታካሚ ይታያል፣ ስለዚህ በቀጥታ ልግባ።

ዛሬ ጠዋት በር ላይ ስንሳሳም ደጋግሜ የሰማሁት ቃል «ተመችቶሻል!» የሚለው ነው። ወንዶቹም ተብለዋል፣ ለሴቶቹ ግን በዛ። የከሳችውን ደግሞ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» እንላታለን። ወላጆቻችን ረሃብን በዓይናቸው ያዩ ናቸውና ሥጋን ከጤና ቢቆጥሩት አይፈረድባቸውም። የሕፃናቱን ዱቄት ስም እንኳ «ፋፋ» ብለን ያወጣን ሕዝብ ነን።

ቦሌ በምሠራበት ክሊኒክ ግን ይህ አቆጣጠር ያሳስተናል። ከገርጂ፣ ከሳሚት፣ ከጎሮ የሚመጡ በአርባዎቹ ውስጥ ያሉ ሴቶች አሉ። እጅና እግራቸው ቀጭን ነው፣ ሚዛን ላይ ሲወጡ ቁጥሩ አያስደነግጥም። «ስኳር ተለክተው ያውቃሉ?» ስላቸው መልሱ አንድ ዓይነት ነው፤ «ኧረ ዶክተር፣ እኔ ምን ውፍረት አለኝና!» ሜትሩን ወገባቸው ላይ ሳዞር ግን ከ90 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳር ደግሞ ከ126 ያልፋል። የት እንደተወለዱና በልጅነታቸው እንዴት እንደነበሩ ስጠይቅ ጥቂት የማይባሉት «የ77 ልጅ ነኝ» ይሉኛል። አንዳንዷ ትስቃለች፤ «እንደምተርፍም አልታሰበም ነበር» ትላለች።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ዴቪድ ባርከር የሃርትፎርድሺር አዋላጆች ከ1911 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደብተር የመዘገቡትን የሕፃናት ክብደት ይዞ ሰዎቹ በምን እንደሞቱ ተከታተለ። በ1989 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ውጤት ብዙዎችን አስገረመ፤ በአንድ ዓመታቸው ቀላል የነበሩት በልብ በሽታ ይበልጥ ሞተው ነበር። በሆላንድ ደግሞ በ1944ና 45 የረሃብ ክረምት ገና በእርግዝናው መጀመሪያ ወራት ረሃቡ ያገኛቸው ሰዎች 50 ዓመት ሲሞላቸው ተለኩ። ሴቶቹ ይበልጥ ከብደውና ወገባቸው ሰፍቶ ተገኙ፤ በወንዶቹ ላይ ይህ አልታየም። የእኛው አገር ተመራማሪዎችም በሰሜን ወሎ ራያ ቆቦ ወረዳ ከ77ቱ ረሃብ የተረፉትን አጥንተዋል። በማህፀን ሳሉ ረሃቡ የደረሰባቸው ሰዎች ሲጎለምሱ ለሜታቦሊክ ሲንድሮም፣ ማለትም የሆድ ውፍረት፣ ግፊት፣ የስኳርና የቅባት መዛባት አብረው ለሚመጡበት ችግር፣ ይበልጥ ተጋላጭ ሆነው ተገኝተዋል።

እንዴት ሊሆን ቻለ? ምግብ ያጠረው ፅንስ መጀመሪያ አንጎሉን ያድናል። የሚጎዱት ጡንቻው፣ ኩላሊቱና ቆሽቱ ናቸው። በኋላ ኑሮ ሲሻሻል የሚጨመረው ኪሎ በአብዛኛው ስብ ሆኖ ሆድ ላይ ይቀመጣል። ስኳሩን የሚወስደው ጡንቻ ትንሽ ነው፣ ኢንሱሊን የሚያመነጨውም ቆሽት አቅሙ ከመነሻው ያነሰ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሴት ከተማ ገብታ፣ ቢሮ ተቀምጣ፣ በታክሲ ተመላልሳ፣ ሁለትና ሦስት ጊዜ አራስ ሆና ገንፎና አጥሚት ሲቀርብላት ምን እንደሚሆን አስቡት። (ገንፎውን አልከለከልኩም፤ እናቴ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለች።)

የ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ክብደታቸው ከመጠን ያለፈው በአገር ደረጃ 8 በመቶ መሆናቸውን ያሳያል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ግን 29 በመቶ ናቸው። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ የ2000 እ.ኤ.አ. ጥናት ነው። ያኔ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የቀነጨሩ ነበሩ። እነዚያ ሴት ሕፃናት ዛሬ የእርግዝና ክትትል ወረፋ ላይ ተቀምጠዋል። አጠር ያሉ እናቶች በእርግዝና ስኳር የመያዝ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል በተለያዩ አገሮች ታይቷል። ስኳሩ ካልተያዘ ደግሞ ጉዳዩ ወደ ልጃቸው ይተላለፋል።

ቦሌ ውስጥ ሌላም ልጅ አለ። ታብሌት ይዞ፣ ቺፕስና የታሸገ ጁስ ከጎኑ የማይጠፋ። በተለይ ከጊዜው ቀድሞ ወይም ቀሎ የተወለደ ከሆነ አያት «ይካስ እንጂ» ብላ ታጎርሰዋለች። የሄልሲንኪ ጥናት የሚያሳየው ይህንኑ ነው፤ ትንሽ ሆነው ተወልደው በልጅነታቸው ቶሎ መወፈር የጀመሩት ኋላ ለስኳር በሽታ ይበልጥ ተጋልጠዋል። ጡት፣ እንቁላል፣ ሽሮ፣ አትክልትና የሚሮጥበት ግቢ ይበቃዋል። ግቢው ነው እንግዲህ ያስቸገረን፤ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ያለው ሜዳ ሁሉ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። በልጅነቱ የወፈረ ሁሉ ግን አለቀለት ማለት አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. ከፊንላንድ፣ ከአሜሪካና ከአውስትራሊያ የተሰባሰበ የ6328 ሰዎች ክትትል እንዳሳየው በልጅነታቸው ወፍረው ሲያድጉ የቀነሱት አደጋቸው ፈጽሞ ካልወፈሩት ጋር ተቀራራቢ ነበር።

መምህሮቻችንን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ተማሪዎቻችሁ የበሽተኛ ታሪክ ሲወስዱ ስለ ሲጋራና መጠጥ ይጠይቃሉ። «መቼና የት ተወለዱ? ያኔ ቤት ውስጥ ምግብ ነበር ወይ?» የሚለውንም አስጨምሩልን፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ክሊኒክ ያላችሁ ጓደኞቼም ሚዛኑን ብቻ አትመኑ፣ ከጎኑ የልብስ ሰፊ ሜትር ይኑር። ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ስኳሯንና ግፊቷን እዩ፤ ቀጭን ብትመስልም። በተለይ የ76፣ የ77ና የ78 ልጅ ከሆነች። ይህ ማለት ደግሞ ከዚህ አዳራሽ ግማሹ ማለት ነው።

ሜትሩን ይዤ መጥቻለሁ፣ መመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ምሳው ሳይቀርብ ብትለኩ ይሻላል፣ በኋላ ሁላችንም እናመካኛለን።