ንድፍ አውጪና ፈጻሚ፤ የዳን ሪቭስና የጆን ኤልዌይ አለመግባባት

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



«አንድ በሬ ስቦ፥ አንድ ሰው አስቦ የትም አይደርስም» ይላሉ አበው። ብሂሉ የተወለደው በእርሻ ማሳ ላይ ይሁን እንጂ፥ ንድፍ በሚወጣበት ክፍልና ንድፉ በሚፈጸምበት ስፍራ መካከል ያለውን ግንኙነትም በሚገባ ይገልጻል። አንዱ ያስባል፥ ሌላው ይሠራል የሚለው የሥራ ክፍፍል በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። በተግባር ግን የሚያስበው ሰው ሜዳውን በሙሉ አያየውም፤ ሜዳው ላይ ያለውም ሳያስብ አይሠራም። ታዲያ ሁለቱ ያልተስማሙ እንደሆነ የማን ቃል ይጸናል?

ጥያቄው ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። መሠረት ሲቆፈር ከጥናቱ ጋር የማይገጥም አፈር ባጋጠመ ቁጥር ይነሣል። ለዚህ ንግግር የተመረጠው ምሳሌ ግን ከግንባታ ሥራ ሳይሆን ከአሜሪካ ፉትቦል የተወሰደ ነው። ምክንያቱም በግንባታ ሥራ እንዲህ ያለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በደብዳቤና በሪፖርት ውስጥ ተሸፍኖ ይቀራል፤ በስፖርት ሜዳ ግን ውጤቱ በየሳምንቱ በሕዝብ ፊት በቁጥር ይመዘገባል። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት ጨዋታ በእግር ከሚመታው ኳስ የተለየ ነው። ከየወገኑ 11 ሰዎች ይሰለፋሉ፤ በሁለቱ የግብ መስመሮች መካከል ያለው ርቀት 100 ያርድ ነው። ኳሱን የያዘው ወገን በ4 ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ ወደፊት መግፋት አለበት፤ ካልቻለ ኳሱን ለባላጋራው ይለቃል። እያንዳንዱ ሙከራ የሚፈጀው ጥቂት ሰኮንዶች ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው ቆሞ ሌላ ንድፍ ይታዘዛል። ንድፉ ማን ወዴት እንደሚሮጥ፥ ማን ማንን እንደሚያግድ ለአሥራ አንዱም ሰው አስቀድሞ ይወስናል። ንድፉን የሚመርጠው በሜዳው ዳር የቆመው አሠልጣኝ ሲሆን፥ የሚያስፈጽመው ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች ነው። ኳርተርባኩ ኳሱን ተቀብሎ ለሯጭ ያስረክባል፥ ወይም ለሩቅ ተቀባይ ይወረውራል፥ አለዚያም ራሱ ይዞት ይሮጣል። ከሁሉም በላይ ግን ኳሱ ከመነሣቱ በፊት የተከላካዮቹን አሰላለፍ ፊት ለፊት የሚያየው እርሱ ነው። የታዘዘው ንድፍ ከአሰላለፉ ጋር እንደማይስማማ ከተገነዘበ በድምፅና በምልክት ሊለውጠው ይችላል። ምን ያህል እንዲለውጥ ይፈቀድለታል የሚለው ግን የአሠልጣኙ ውሳኔ ነው። ጠብ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው።

ዳን ሪቭስ የዴንቨር ብሮንኮስ ዋና አሠልጣኝ የሆኑት በ1981 በ37 ዓመታቸው ነበር። በኮሌጅ ሳሉ ራሳቸው ኳርተርባክ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በዳላስ ካውቦይስ በመጀመሪያ በሯጭነት ተጫውተዋል፤ ቀጥሎም በቶም ላንድሪ ሥር በረዳት አሠልጣኝነት ሠርተዋል። ላንድሪ በኢንዱስትሪያል ምሕንድስና የማስተርስ ዲግሪ ያላቸው ሰው ነበሩ፤ ቡድናቸውንም የሚመሩት እንደ አንድ የፋብሪካ ሥራ በጥንቃቄ ቀምረው ነው። ንድፉን ራሳቸው እየመረጡ ከዳር በሚገቡ ተጫዋቾች አማካይነት ለኳርተርባኩ ይልኩለት ነበር። ሪቭስ ይህን ሥርዓት ይዘው ዴንቨር ገቡ።

ጆን ኤልዌይ የአሠልጣኝ ልጅ ነው። በ1983 በተደረገው የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ከሁሉ አስቀድሞ ባልቲሞር ኮልትስ መረጠው። እርሱ ግን ለዚያ ቡድን አልጫወትም በማለቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ዴንቨር ተዛወረ። የክንዱ ኃይል የተደነቀ፥ እግሩ ፈጣን፥ ንድፉ በተበላሸ ጊዜ ከፍርስራሹ ውስጥ መውጫ መንገድ የሚያገኝ ተጫዋች ነበር። እንግዲህ ሥርዓት ያሳደጋቸው አሠልጣኝና ከሥርዓት ውጭ ሲሆን ይበልጥ የሚያምርበት ተጫዋች በአንድ ቀንበር ተጠመዱ።

አብረው የሠሩት 10 የውድድር ዘመን ነው። በ1986፥ በ1987ና በ1989 የውድድር ዘመናት የአንደኛውን ምድብ ዋንጫ ወስደው ለሱፐር ቦውል ደረሱ። ይህ በማንም ዓይን ትልቅ ውጤት ነው። ነገር ግን ሦስቱንም ፍጻሜዎች ተሸነፉ። ኒው ዮርክ ጃያንትስ 39 ለ20፥ ዋሽንግተን 42 ለ10፥ ሳን ፍራንሲስኮ 55 ለ10 አሸነፏቸው። በድምሩ 136 ለ40 መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ሽንፈት ሲደጋገም ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ሳይጠራ ይመጣል።

የሁለቱን ልዩነት ለመረዳት ጥር 11 ቀን 1987 በክሊቭላንድ የተደረገውን ጨዋታ ማስታወስ ይበቃል። ዴንቨር 20 ለ13 እየተመራ፥ ጨዋታው ሊያበቃ ከስድስት ደቂቃ ያነሰ ሲቀረው፥ ከራሱ የግብ መስመር 2 ያርድ ላይ ኳሱን ተረከበ። ኤልዌይ በ15 ሙከራ 98 ያርድ ገፍቶ 37 ሰኮንድ ሲቀር አቻ አደረገ፤ በተጨማሪ ሰዓትም ዴንቨር 23 ለ20 አሸነፈ። ይህን አንድ ማስረጃ ሁለቱም ወገኖች ለየራሳቸው ሊጠቅሱት ይችላሉ። ለሪቭስ አመለካከት ማስረጃው ይህ ነው፤ በመከላከልና በሩጫ ላይ የተመሠረተ ጥንቁቅ ጨዋታ ቡድኑን ከውድድሩ ሳያስወጣ እስከ መጨረሻው ደቂቃ አቆይቶታል። ለኤልዌይ አመለካከት ደግሞ እንዲህ ነው፤ እጁ ሲፈታ 98 ያርድ የሚሄድ ሰው፥ ሰዓቱ ሊያልቅ እስኪደርስ ድረስ ለምን ታስሮ ይቆያል? ኤልዌይ የማጥቃቱ ስልት ከመጠን በላይ ጥንቃቄ የበዛበት ነው ሲል በየጊዜው ቅሬታውን ይገልጽ ነበር።

በሁለቱ መካከል የቆመ አንድ ሰው ነበር፤ እርሳቸውም ረዳት አሠልጣኙ ማይክ ሻናሃን ናቸው። ወደ ዴንቨር የመጡት በ1984 ሲሆን፥ ኤልዌይ የሚያምናቸውና ሐሳቡን ሰምተው ወደ ንድፍ የሚለውጡለት ሰው ሆኑ። ከዋናው አሠልጣኝ ጋር የሚያገናኘው በር እየጠበበ ሲሄድ፥ የኤልዌይ ሐሳብ በሻናሃን በኩል መፍሰስ ጀመረ። ውሃ መውረጃ ካልተሠራለት የራሱን መንገድ ይቆርጣል። ሪቭስ ሁለቱ ከጀርባቸው ሆነው የጨዋታ ንድፍ ያዘጋጃሉ ብለው አመኑ፤ ሻናሃን ግን ይህን ክደዋል። በ1991 የውድድር ዘመን ቡድኑ 12 ጊዜ አሸንፎ 4 ጊዜ ብቻ ቢሸነፍም፥ ዘመኑ እንዳበቃ ሪቭስ ሻናሃንን ከሥራ አሰናበቱ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንደሚባለው፥ የመጀመሪያው ተጎጂ መካከለኛው ሰው ሆነ።

ቀጥሎ የመጣው ውሳኔ ቁስሉን አሰፋው። በ1992 የተጫዋቾች ምርጫ ሪቭስ የመጀመሪያ ዕድላቸውን ያዋሉት ቶሚ ማዶክስ ለተባለ ወጣት ኳርተርባክ ነበር። ኤልዌይ በዚያ ጊዜ ገና 31 ዓመቱ ነበር፤ ለእርሱ የሚቀበል ወይም የሚያግድ ሰው ይጨመርለታል ተብሎ ሲጠበቅ ተተኪው መጣ። በዚያው ዓመት ኤልዌይ ትከሻውን ታሞ በ4 ጨዋታዎች አልተሰለፈም፤ ቡድኑ በአራቱም ተሸነፈ፥ ዓመቱንም 8 አሸንፎ 8 ተሸንፎ ጨረሰ። በታኅሣሥ ወር መጨረሻ ሪቭስ ተሰናበቱ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በጋዜጣ የተለዋወጡት ቃል መራራ ነበር። ኤልዌይ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት ከገሃነም ጋር አመሳሰላቸው፤ ሪቭስም ለእርሳቸው ገነት እንዳልነበረ መለሱ።

ብዙዎች ታሪኩን እዚህ ላይ አቁመው አንዱን ጥፋተኛ፥ ሌላውን ተበዳይ ያደርጋሉ። ለመሐንዲስ ግን ጠቃሚው ክፍል የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱ ተለያይተው በየበኩላቸው ተፈትነዋል።

በ1993 ኤልዌይ በአዲሱ አሠልጣኝ በዌይድ ፊሊፕስ ሥር የፈለገውን ነፃነት አገኘ። በዚያ ዓመት 4,030 ያርድ ወርውሮ 25 ታችዳውን አስቆጠረ፤ ሁለቱም ቁጥሮች እስከዚያ ድረስ ካስመዘገባቸው ሁሉ የበለጡ ነበሩ። ቡድኑ ግን 9 አሸንፎ 7 ተሸነፈ፤ በሚቀጥለው ዓመት 7 አሸንፎ 9 ተሸነፈና ፊሊፕስም ተሰናበቱ። ሪቭስ በበኩላቸው ወደ ኒው ዮርክ ጃያንትስ ሄደው፥ የቀድሞው ዓመት ውጤቱ 6 ለ10 የነበረውን ቡድን በመጀመሪያ ዓመታቸው 11 ለ5 አደረሱት። ስለዚህ የኤልዌይ እጅ መፈታት ብቻውን ዋንጫ አላመጣም፤ የሪቭስ ሥርዓትም የማይሠራ ሥርዓት አልነበረም።

በ1995 ሻናሃን ዋና አሠልጣኝ ሆነው ወደ ዴንቨር ተመለሱ። ያመጡት ግን ልቅ ነፃነት አልነበረም። ከጨዋታው በፊት የመጀመሪያዎቹን ንድፎች በተራ ጽፎ የማዘጋጀት ልማድ የነበራቸው፥ እጅግ ዝርዝር ሰው ናቸው። በዚያው ዓመት በስድስተኛው ዙር ምርጫ ቴሬል ዴቪስ የተባለ ሯጭ ተገኘ፤ ቡድኑም ከቀድሞው ይልቅ በሩጫ ላይ ተመሠረተ። ጥር 25 ቀን 1998 ዴንቨር ግሪን ቤይን 31 ለ24 አሸንፎ የመጀመሪያውን ሱፐር ቦውል ሲወስድ፥ ዴቪስ 157 ያርድ ሮጦ 3 ታችዳውን አስቆጠረ። ኤልዌይ በውርወራ ያገኘው 123 ያርድ ብቻ ሲሆን፥ አንድም የታችዳውን ውርወራ አልነበረውም። ሩጫን ማስቀደም፥ ኳርተርባኩን ለአስፈላጊው ሰዓት ማቆየት የሪቭስ ትምህርት ነበር። ኤልዌይ ዋንጫውን የወሰደው ከዚያ ትምህርት ብዙ ባልራቀ ንድፍ ነው፤ ነገር ግን ይህን ንድፍ በደስታ ተቀበለው።

ልዩነቱ ምን ነበር? ያኛውን ንድፍ ያወጣው እርሱን ሳይጠይቅ ነው፤ ይኸኛው ሲወጣ ግን ሐሳቡ ተሰምቷል። ሰው በአብዛኛው የሚያምፀው ንድፍ ስለ ጠበበ ሳይሆን፥ በንድፉ ውስጥ የራሱ እጅ እንደሌለበት ሲሰማው ነው።

የታሪኩ ፍጻሜ የመጣው ጥር 31 ቀን 1999 በማያሚ ነው። ዴንቨር በሱፐር ቦውል የተጋጠመው ከአትላንታ ፋልከንስ ጋር ነበር፤ የአትላንታ ዋና አሠልጣኝ ደግሞ ዳን ሪቭስ ነበሩ። በታኅሣሥ ወር የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው፥ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ሥራቸው ተመልሰው ነበር። የድሮው ጠብ በጋዜጦች እንደገና ተነሣ። አትላንታ ዴቪስን ለማስቆም ሲበረታ ኤልዌይ በውርወራ 336 ያርድ አገኘ፤ ዴንቨር 34 ለ19 አሸነፈ፤ ኤልዌይም የጨዋታው ኮከብ ተባለ። ይህ የመጨረሻ ጨዋታው ሆነ።

ቁጣው ግን አብሮ አላረጀም። በ2014 የዴንቨር ክለብ ሪቭስን ከባለውለታዎቹ ተርታ አስገብቶ ሲያከብራቸው፥ የክለቡን የስፖርት ሥራ ይመራ የነበረው ኤልዌይ ነበር። ሪቭስ ጥር 1 ቀን 2022 ባረፉ ጊዜም በተጫዋችነት ሕይወቱ የነበራቸውን ድርሻ በአክብሮት መስክሯል። ሆኖም ምስክርነቱ የመጣው በአንድ ሜዳ ላይ ሊጠቅም ይችል ከነበረበት ጊዜ እጅግ ዘግይቶ ነው።

በመጨረሻ መሐንዲሶችን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ነገር መጥቀስ ተገቢ ነው። በ1956 የክሊቭላንድ ብራውንስ አሠልጣኝ ፖል ብራውን በኳርተርባካቸው የራስ ቁር ውስጥ ትንሽ የሬዲዮ መቀበያ አስገብተው ነበር፤ የሊጉ ኃላፊ ወዲያው ከለከሉት። ሬዲዮው የተፈቀደው ከ38 ዓመት በኋላ በ1994 ነው። ሲፈቀድም ገደብ ተደረገበት። አንዱ ሙከራ ካበቃ በኋላ ቀጣዩን ለመጀመር 40 ሰኮንድ ይሰጣል፤ ሰዓቱ 15 ሰኮንድ ሲቀረው ሬዲዮው ይቋረጣል። እስከዚያ ድረስ የሚናገሩት አሠልጣኙ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያለው 15 ሰኮንድ አሰላለፉን በዓይኑ የሚያየው ሰው ነው። ድንበሩ አስቀድሞ ስለ ታወቀ፥ ኳርተርባኩ በራሱ ጊዜ ቢወስን በደፋርነት አይቆጠርበትም።

ሪቭስና ኤልዌይ በዐሥር ዓመት ውስጥ ያላበጁት ይህን ድንበር ነው። በየግንባታው ስፍራም ንድፍ አውጪው እስከ የት እንደሚያዝ፥ የሥራ ተቆጣጣሪው ከየት ጀምሮ ራሱ ሊወስን እንደሚችል፥ የለወጠውንስ ለማን በምን ያህል ጊዜ እንደሚያስታውቅ ሥራው ሳይጀመር ተጽፎ መፈራረም ይቻላል። ንድፉ ሲወጣም ፎርማኑንና ተቆጣጣሪውን ጠርቶ ማወያየት የሚጠይቀው ግማሽ ቀን ቢሆን ነው። ይህ ሳይደረግ የቀረ እንደሆነ፥ ሐሳብ በጓሮ በር መመላለስ ይጀምራል፤ መካከለኛው ሰው ይባረራል፤ ሁለቱ ብርቱዎችም እያንዳንዳቸው ትክክል እንደሆኑ እያመኑ አብረው ይሸነፋሉ።